ሽኮኮ ወደ ጓሮ አትክልት እንዳይገባ ስለ መከላከል

የጓሮ አትክልት ለባላገር ቤተ ሰብ ከሰፊው እርሻ ያላነሰ ጥቅም እንዳለው ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት ማስረዳት አያሻም። የእርሻው እህል ገና ሳይደርስ፣ ጎተራውም ተሟጦ በሚገኝበት በክረምት ወራት፣ ለልጆች ምሳና እራት የሚሆነው ጎመንና ድንች፣ ዱባና እሸት የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ካለችው ከዚያች ትንሽ መሬት ነው። ወደ ገበያም ወጥቶ ለጨውና ለሳሙና፣ ለተማሪ ልጅም ደብተር መግዣ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ያለማችው ቃሪያና ሽንኩርት ነው። ስለዚህ በዚህች መሬት ላይ የሚደርስ ጥፋት በስፋቱ ሲለካ ጥቂት ቢመስልም፣ በቤተ ሰቡ ላይ የሚያመጣው ችግር ከባድ ነው።

ይህን የመሰለ ጥፋት ከሚያደርሱት የዱር እንስሳት አንዱ ሽኮኮ ነው። «ሽኮኮ አትክልታችንን ፈጀብን፤ መድኀኒት ይሰጠን» የሚል አቤቱታ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በመጣ ጊዜ፣ ሹሙ መርዝ ከማደሉ ወይም ሰው አሰልፎ ወደ ዱር ከመስደዱ በፊት፣ ባለ አቤቱታዎቹን አንዲት ጥያቄ ሊጠይቃቸው ይገባል። ጥያቄይቱም፣ «ያያችሁት ሽኮኮ ጭራ አለውን?» የምትል ናት። ጥያቄይቱ ለሰሚው ተራ ነገር ብትመስልም፣ ከእርስዋ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በመልሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች በየተራው እናስረዳለን።

1ኛ፤ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ሁለት እንስሳት

በአማርኛ ቋንቋችን ሽኮኮ ተብለው የሚጠሩ፣ ነገር ግን በዘርም በአኗኗርም እጅግ የተራራቁ ሁለት ዐይነት እንስሳት አሉ።

የመጀመሪያው በዐለት ስንጥቅና በገደል ዋሻ የሚኖረው ሽኮኮ ነው። ይህ እንስሳ ቁመናው ጥንቸል የሚያህል፣ ጆሮው አጭር፣ ሰውነቱ ድብልብል፣ ጠጕሩም ቡናማ ነው፤ ከውጭ የሚታይ ጭራ የለውም። በመጽሐፍ ቅዱስ በዐለት መካከል የሚሸሸግ ተብሎ የተነገረለት ይኸው ነው። ሲያዩት አይጥ ቢመስልም ከአይጥ ወገን አይደለም፤ የእንስሳትን ዘር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ዝሆን መሆኑን አረጋግጠዋል። ስለዚህም እንደ አይጥ ቶሎ ቶሎ አይራባም፤ ሴቲቱ ግልገሏን በሆዷ የምትሸከመው ሰባት ወር ያህል ነው።

ሁለተኛው ጭራው ረዥምና ጠጕራም የሆነው ሽኮኮ ነው። ይህኛው በእርግጥ ከአይጥ ወገን ነው፤ የፊት ጥርሶቹ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ማደጋቸውን ስለማያቋርጡ፣ እነርሱን ለመሞረድ ዘወትር ጠንካራ ነገር ሲቀረጥፍ ይኖራል። ከእርሱም ወገን አንዳንዱ በዛፍ ላይ እየዘለለ በግንድ ፍልፍል ውስጥ የሚያድር ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ምድር ቈፍሮ በጕድጓድ የሚኖር ነው። በቈላ አገር በብዛት የሚታየው የምድሩ ሽኮኮ ነው። ይህም ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው በጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለበት ነው፤ መስመር የሌለው ሁለተኛው ግን በምሥራቅና በደቡብ ኢትዮጵያ በደረቁ የቍጥቋጦ አገር የሚኖር ነው።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ምን ያህል ድካም ከንቱ እንደሚያስቀር በምሳሌ እናሳይ። እንበል፣ አንድ የቀበሌ ሹም «ሽኮኮ» የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ፣ የገበሬዎቹን አትክልት ሥሩ በጥልቅ በተቀበረ መረብ ሽቦ ለማሳጠር የማኅበሩን ገንዘብ ቢያወጣ፣ ጥፋተኛውም የዐለቱ ሽኮኮ ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ሁሉ ወጪ ያለ ጥቅም ይቀራል። የዐለት ሽኮኮ መሬት አይቈፍርምና፤ በሽቦው ላይ ግን እንደ መሰላል ወጥቶ ይገባል። ሌላው ሹም ደግሞ ሕዝቡን አስተባብሮ በአካባቢው ያለውን የድንጋይ ክምር ሁሉ ቢያስነሣ፣ ዘሩን ጭሮ ያወጣው ግን የምድሩ ሽኮኮ ቢሆን፣ የሕዝቡ ጕልበት በከንቱ ይባክናል። ከዚያም ወዲያ ሕዝቡ በሹሙ ምክር ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል፤ ይህም ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ የሚጎዳ ነው።

2ኛ፤ ጥፋተኛውን በምልክቱ ስለ መለየት

ሽኮኮ የሚታማበት ጥፋት ሁሉ የሽኮኮ አይደለም። ስለዚህ ጕዳዩን እንዲመረምር የሚላክ ሠራተኛ በአትክልቱ ቦታ ማልዶ ተገኝቶ፣ ባለቤቶቹንም እየጠየቀ፣ የሚከተሉትን ምልክቶች ይመልከት።

ሀ/ አዲስ የተዘራ በቆሎ፣ ለውዝ ወይም ባቄላ መስመሩን ተከትሎ በትንንሽ ጕድጓድ እየተጫረ ወጥቶ፣ የዘሩ ልጣጭ በጕድጓዱ አፍ ላይ ከቀረ፣ ጥፋቱም የደረሰው በቀን ከሆነ፣ የምድር ሽኮኮ ሥራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቆቅና ጅግራም ዘር እየጫሩ ስለሚያወጡ፣ በለስላሳው አፈር ላይ የወፍ እግር ዱካ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለ/ ፍሬ ገና በዛፉ ላይ ሳለ ተግጦ፣ በልጣጩም ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሰለፈ የጥርስ ምልክት ከታየ፣ የዛፍ ሽኮኮ ሥራ ነው። ጦጣ ግን ፍሬውን ቀጥፋ፣ ጥቂት ቀምሳ፣ የቀረውን ወደ ምድር ትጥላለች።

ሐ/ ቅጠሉና ለጋው ቡቃያ በማጭድ እንደ ታጨደ ሆኖ ሲገኝ፣ መሬቱ ግን ከቶ ሳይቈፈር ሲቀር፣ ከአትክልቱም አጠገብ ገደል ወይም የድንጋይ ክምር ካለ፣ የዐለቱን ሽኮኮ መጠርጠር ይገባል። ማረጋገጫውም በዐለቱ ላይ ይገኛል፤ እነዚህ እንስሳት በአንድ ስፍራ እየተሰበሰቡ የመጸዳዳት ልማድ ስላላቸው፣ ድንጋዩ በሽንታቸው ነጭና ቡናማ ሆኖ ተዥጐርጕሮ፣ ፋንድያቸውም በአንድ ላይ ተከምሮ ይታያል።

መ/ ተክሉ ቆሞ ሳለ በድንገት ጠውልጎ፣ ሲነቅሉት ሥሩ ተበልቶ ከተገኘ፣ በአቅራቢያውም አዲስ የአፈር ቍልል ከታየ፣ ጥፋተኛው ፍልፈል ነው። ይህ በተለይ በእንሰት፣ በድንችና በካሮት ላይ የሚደርስ ነው።

ሠ/ ድንቹ ሌሊት ተቈፍሮ፣ የበቆሎው አገዳ ከሥሩ ተቀርጥፎ ወድቆ፣ በመግቢያውም የወደቀ እሾህ ከተገኘ፣ የመጣው ጃርት ነው። ሽኮኮ በሁለቱም ወገን በቀን የሚሠማራ እንስሳ ስለ ሆነ፣ በድቅድቅ ሌሊት የደረሰ ጥፋት ለእርሱ ሊቈጠር አይገባም። የዐለቱ ሽኮኮ አንዳንድ ጊዜ በጨረቃ ብርሃን ቢወጣም፣ ይህ ዘወትር የሚሆን አይደለም።

3ኛ፤ ጭራ ያለውን ሽኮኮ ስለ መከላከል

የምድር ሽኮኮ ፍሬ እየለቀመ በየስፍራው በመሬት ውስጥ የመቅበር፣ ኋላም በማሽተት እየፈለገ የማውጣት ልማድ አለው። ስለዚህ ገበሬው የዘራው ዘር ለእርሱ ሌላ ሽኮኮ የቀበረው ስንቅ ማለት ነው። ይህን ከተረዳን፣ ጥበቃው በየትኛው ጊዜ መጠንከር እንዳለበት እናውቃለን። አደጋው የሚበረታው ዘሩ ከተዘራበት ቀን አንሥቶ ቡቃያው ሥር እስኪሰድና በውስጡ ያለው የዘሩ ፍሬ እስኪያልቅ ድረስ፣ ማለት በነዚህ ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቈፈር ነገር ስለማይኖር የእንስሳው ምኞት ይቀንሳል። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ በሰነፍ ጥበቃ ከመድከም ይልቅ፣ በነዚህ ጥቂት ሳምንታት በርትቶ መጠበቅ ይሻላል።

የጥበቃው ሰዓትም ቀን ነው። እንስሳው ፀሓይ ከወጣች በኋላ ከጕድጓዱ ወጥቶ ይሠማራል፤ ቀትሩ በጣም ሲግል ወደ ጥላ ወይም ወደ ጕድጓዱ ይገባል፤ ፀሓይ ሳትጠልቅም ይከተታል። ስለዚህ ለሽኮኮ ብሎ ሌሊት በማማ ላይ የሚያድር ሰው እንቅልፉን በከንቱ ያጣል። ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢዘሩና ጥበቃውን በተራ ቢያደርጉት፣ ድካሙ ለሁሉም ይቀልላል፤ ጥፋቱም በአንድ ሰው መሬት ላይ ብቻ አይወድቅም። በዚህ ነገር ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጕዳይ አለ። ቀን የሚደረግ ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው በልጆች ላይ ነው፤ የጥበቃውም ሰዓት የትምህርት ሰዓት ነው። ተራው በጎልማሶችና ትምህርት ቤት በማይውሉ ሰዎች መካከል ካልተደለደለ፣ ዘሩን ለማዳን ሲባል የልጁ ትምህርት ይጠፋል።

አነስተኛ ለሆነ የአትክልት መደብ ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ መረብ ሽቦ ነው። የሽቦው ቀዳዳ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ቢሆን መልካም ነው። በመደቡ ላይ ከእንጨት ቀሥት ተሠርቶ ሽቦው ከላይ ይዘረጋል፤ ጠርዙም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ምድር ይቀበራል። የተቀበረውን ጫፍ ወደ ውጭ አጥፎ መቅበር ይገባል፤ እንስሳው ከአጥሩ ሥር አጠገብ መቈፈር ሲጀምር የታጠፈው ሽቦ ይከለክለዋልና። ፕላስቲክ መረብና ቀጭን ጣውላ ግን በጥርሱ ቀርጥፎ ስለሚያልፋቸው አይበቁም። ሽቦ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ዘሩን በቤቱ ደጃፍ በትንሽ መደብ አፍልቶ፣ ችግኙ ሲጠነክር ወደ ቦታው ቢያዛውረው ያው ጥቅም ይገኝበታል። ይህ ለበቆሎ ባይመችም ለጎመን፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለዱባ የተመቸ ነው። በዘሩ መስመር ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ መደርደርም እንስሳው እንደ ልቡ እንዳይጭር ያግደዋል።

የፍሬ ዛፍ ለብቻው ቆሞ የሚገኝ እንደ ሆነ፣ ከምድር ወደ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ቆርቆሮ በግንዱ ዙሪያ ይጠመጠማል። የሽኮኮው ጥፍር በቆርቆሮው ላይ የሚይዘው ስለሌለ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። ነገር ግን የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ አጥር ወይም የቤት ክዳን በ2 ወይም በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ዘሎ ስለሚገባ፣ አስቀድሞ ቅርንጫፉን መቍረጥ ያስፈልጋል። ዛፉም እያደገ ሲሄድ ቆርቆሮው ግንዱን አንቆ እንዳያደርቀው፣ በየዓመቱ እየፈቱ ማላላት ይገባል።

በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ያለ የሣር ሜዳም ሽኮኮ ቢቈፍረው፣ ጕድጓዱን በአፈር ሞልቶ መደምደምና ሣሩን ማጠጣት ይበቃል። ዳሩ ግን ቍፋሮው እንዳይደጋገም ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። በግቢው ውስጥ የተጣለ የምግብ ትራፊ፣ የፈሰሰ እህል፣ ከዛፍ የወደቀ ፍሬ ካለ እንስሳውን የጠራው እርሱ ነው። ከአውድማና ከጎተራ አጠገብ የተንጠባጠበ እህልም እንደዚሁ ነው። ጥሪው ሳይቆም እንግዳውን ማባረር አይቻልም።

የበርበሬ ዱቄት በዘሩ መስመር ላይ መነስነስ ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ማቃጠሉ አጥቢ እንስሳትን ያሸሻልና። ነገር ግን ወፎች የበርበሬ ማቃጠል ስለማይሰማቸው በእነርሱ ላይ አይሠራም፤ ዝናብም ሲዘንብ ታጥቦ ስለሚሄድ እየደጋገሙ ማድረግ ያስፈልጋል። በጕድጓዱ ውሃ መሙላት ግን የሚመከር አይደለም፤ ጕድጓዱ ከአንድ የሚበልጥ በር ሊኖረው ስለሚችል እንስሳው በሌላው ይወጣል፤ በደረቅ አገርም ለተክሉ የሚገባው ውሃ ያለ ጥቅም ይፈስሳል።

4ኛ፤ የዐለቱን ሽኮኮ ስለ መከላከል

የዐለቱ ሽኮኮ አኗኗሩ ሌላ ስለ ሆነ መከላከያውም ሌላ ነው። እርሱ በመንጋ ይኖራል፤ ማለዳ ከዋሻው ወጥቶ በዐለቱ ላይ ፀሓይ እየሞቀ ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ይሠማራል፤ ዳግመኛም ወደ ማታ ይሠማራል። መንጋው ሲግጥ አንዱ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ንስር ወይም ውሻ ያየ እንደ ሆነ ይጮኻል፤ ሁሉም በቅጽበት ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ይህ እንስሳ ኑሮው ሁሉ በመሸሸጊያው ላይ የተመካ መሆኑን ነው። መሸሸጊያው ሲርቅበት ወደ አትክልቱ ለመምጣት አይደፍርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በአትክልቱና በመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ያለውን ሰው ሠራሽ መሸሸጊያ ማስወገድ ነው። ከእርሻ ተለቅሞ በዳር የተከመረ ድንጋይ፣ የፈረሰ ካብ፣ ለቤት መሥሪያ ተብሎ መጥቶ ሳይሠራበት የቀረ የድንጋይ ክምር፣ እነዚህ ሁሉ ለሽኮኮ የተዘጋጁ ቤቶች ናቸው። ድንጋዩ ለሥራ ይዋል፤ ለሥራ የማይውል ከሆነ ደግሞ በመካከሉ ያለው ክፍተት በአፈርና በጠጠር ይደፈን። አፈር እንዳይሸረሸር ተብሎ የተሠራ የእርከን ካብ ግን ስለ ሽኮኮ ብሎ ማፍረስ ታላቅ ስሕተት ነው። ካቡ እንዳለ ሆኖ ስንጥቁን በትንንሽ ድንጋይና በአፈር መድፈን፣ በላዩም ሣር መትከል ይበቃል።

ሁለተኛው ሥራ በገደሉና በአትክልቱ መካከል ያለውን ስፍራ ገላጣ ማድረግ ነው። ቍጥቋጦው ተመንጥሮ ሣሩ በአጭር በአጭሩ ቢታጨድ፣ ሽኮኮው ተሸሽጎ የሚያልፍበት መንገድ ያጣል። ሣሩን ከሥሩ መንቀል ግን አይገባም፤ በተዳፋት ስፍራ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳልና። ለገደሉ ቅርብ የሆነውን መሬት ሽኮኮ ለማይደፍረው ነገር መመደብ፣ ጎመንና ባቄላውንም ወደ ቤቱ አስጠግቶ መትከል ዕውቀት ያለው አትክልተኛ የሚያደርገው ነው።

ሦስተኛው ሥራ አጥር ነው። ይህ እንስሳ እግሩ ሥር ላብ የመሰለ እርጥበት ያለው ለስላሳ ሥጋ ስላለው፣ ሻካራ ድንጋይና ግንድ እንደ ልቡ ይወጣል። ስለዚህ በአጥሩ ራስ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ በአግድም መምታት ወይም የሽቦውን ጫፍ ወደ ውጭ አዘንብሎ መተው ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ጋር በቀን በአትክልቱ አጠገብ የሚታሰር ውሻ ብዙ ይረዳል።

5ኛ፤ ስለ ቁንጭር በሽታ

የዐለቱን ሽኮኮ ከመኖሪያ ቤት ማራቅ የሚያስፈልገው ስለ አትክልቱ ብቻ አይደለም። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ በገደላማ ስፍራዎች ቁንጭር የሚባል፣ ፊትን እያቈሰለ ብዙ ጊዜ የማይጠፋ ጠባሳ የሚተው በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። የበሽታው ተሕዋስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በሊቃውንት ተለይቶ፣ በአገራችን ስም ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ ተብሎ ተሰይሟል። ተሕዋሱም በዐለት ሽኮኮ ሰውነት ውስጥ እንደሚኖርና፣ ከእርሱ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባል እጅግ ትንሽ ደም መጣጭ መሆኗ በምርመራ ተረጋግጧል። በጋሞ አገር በኦቾሎ የተደረጉት ጥናቶች ለዚህ የታወቁ ምስክሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ሕዝቡ እንዳይሳሳት ማስረዳት ይገባል። ሽኮኮ የነካውን ጎመን በመብላት ቁንጭር አይመጣም፤ ከታማሚው ጋር አብሮ በመቀመጥም ሆነ በመብላት አይተላለፍም። ስለዚህ ፊቱ የቈሰለ ልጅ ከጓደኞቹ ሊለይ ወይም ከትምህርት ቤት ሊቀር አይገባውም። አደጋው ያለው ሽኮኮው፣ ዝንቧና ሰው በአንድ ስፍራ ሲቀራረቡ ነው። ዝንቧ በሽኮኮ ዋሻና በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ውላ፣ ሲመሽ ወጥታ ትናከሳለች። ስለዚህ በቤቱ ጥግ የድንጋይ ክምር ትቶ ሽኮኮ ያስጠጋ ሰው፣ አትክልቱን ብቻ ሳይሆን የልጆቹን ፊት ለአደጋ ያጋልጣል። በእስራኤል አገርም ለግንባታ ተብሎ በመንደር ዳር የተከመረ ዐለት ለሽኮኮ መኖሪያ ሆኖ፣ የዚሁ በሽታ ዘመድ የሆነ የቈዳ ሕመም ወደ መንደሮቹ እንዲቀርብ ምክንያት መሆኑ በጥናት ታውቋል። የማይሽር ቍስል በፊቱ ላይ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ መምከር ያስፈልጋል።

6ኛ፤ ስለ መርዝ

አቤት ባዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት መርዝ ነው። በጎረቤት ሱቅ የተገዛ መርዝ በእህል ተለውሶ በአትክልት ውስጥ መበተኑም የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ነገር ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ የሚያመጣው ጕዳት እጅግ ይበልጣል።

ለአይጥ መግደያ የሚያገለግለው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው መርዝ ወደ ሆድ ሲገባ መርዛም ጋዝ ይሆናል፤ ለዚህ ጋዝ የታወቀ ማርከሻ የለውም። መርዙ የተለወሰበት በቆሎ ለሽኮኮ ብቻ የተቀመጠ መሆኑን ዶሮ አታውቅም፤ በጓሮ የሚጫወት ሕፃንም አያውቅም። ለጎተራ ነቀዝ መግደያ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው እንክብልም እርጥበት ሲያገኝ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ይህን እንክብል በቤት አጠገብ ባለ ጕድጓድ መጨመር ወይም ሰው በሚተኛበት ክፍል ማስቀመጥ ነፍስ እስከ ማጥፋት ያደርሳል። ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድሉት የአይጥ መርዞች ደግሞ፣ የሞተውን እንስሳ የበላ ውሻና ድመት፣ ጉጉትና ንስር አብሮ እንዲሞት ያደርጋሉ። በገደል ላይ ጎጆውን የሚሠራው ታላቁ ጥቁር ንስር ዋና ምግቡ የዐለት ሽኮኮ ነው፤ ጉጉትም ሌሊቱን ሁሉ አይጥ ሲያድን ያድራል። እነርሱን በመርዝ ያጠፋ ሰው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉትን ጠባቂዎች በገዛ እጁ አሰናበተ ማለት ነው።

መርዙ ሠርቶ ሽኮኮዎቹ ቢያልቁ እንኳ፣ የተተወው ጕድጓድ ባዶውን አይቀርም። የሚጠራው ምግብና የሚሸሽገው ስፍራ እንዳለ ከቀረ፣ በአካባቢው ካለው ዱር ሌላው መጥቶ ይገባበታል። ስለዚህ መግደል በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ነው፤ መዝጋት ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ በጥቂት ጥገና የሚኖር ሥራ ነው። ከዚህም ሌላ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተገደበ መሆኑን ሹማምንት አስቀድመው ለሕዝቡ ማስታወቅ አለባቸው።

7ኛ፤ ከሹማምንት ስለሚጠበቀው ሥራ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በሥራ እንዲገለጥ፣ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት በሚከተለው ተራ ቢሠሩ መልካም ውጤት ይገኛል።

1. አቤቱታው ሲቀርብ እንስሳው ጭራ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን፣ ጥፋቱ የደረሰው በቀን ወይም በሌሊት መሆኑን፣ የተበላው ዘር፣ ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ሥር መሆኑን መዝግቦ መያዝ።

2. በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የእርሻ ሠራተኛ ልኮ ምልክቱን ከስፍራው ማስመርመር፤ ይህ ሳይሆን ምንም ዐይነት ገንዘብ አለማውጣት።

3. ምርመራው የምድር ሽኮኮ መሆኑን ካሳየ፣ ከመዝሪያው ወቅት በፊት ጎረቤታሞቹን ሰብስቦ የዘሩን ሳምንትና የጥበቃውን ተራ ማስወሰን፤ የተማሪ ልጆች ስም በተራው እንዳይገባ መቈጣጠር።

4. የዐለት ሽኮኮ ከሆነ፣ በበጋ የሥራ መፍቻ ወራት የድንጋይ ክምሩን ማስነሣት ወይም ማስደፈን፤ የእርከን ካብ እንዳይፈርስ መጠበቅ፤ በአካባቢውም የቁንጭር ሕመምተኛ መኖሩን ከጤና ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ ማጣራት።

5. መረብ ሽቦ ለመግዛት አቅም የሌላቸውን፣ ይልቁንም ረዳት የሌላቸውን አሮጊቶችና ባልቴቶች ለይቶ በቅድሚያ መርዳት። የእነርሱ ጓሮ ብዙውን ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ነውና።

6. መርዝ በየሱቁ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ እንዳይሸጥ መከታተል፤ ሕፃን ወይም ከብት መርዝ የበላ እንደ ሆነ ወዴት መወሰድ እንዳለበት ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲያውቀው ማድረግ።

7. በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ወደ ስፍራው ተመልሶ፣ የተሠራው ሥራ መርዳቱንና አለመርዳቱን ማየት። ያልረዳውን እንዳልረዳ አድርጎ መጻፍ ለሌላው ወረዳ ትምህርት ስለ ሆነ፣ ሊያሳፍር አይገባም።

ሽኮኮ ሰው ሳይፈጠር በዐለቱና በዱሩ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው፤ ወደ ጓሯችን የሚመጣውም እኛ ምግብና መሸሸጊያ ስናዘጋጅለት ነው። የተንጠባጠበውን እህል የሚለቅም፣ ክምሩን የሚያነሣ፣ ዘሩን በጊዜው የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ያለ ብዙ ወጪና ያለ አደጋ አትክልቱን ያድናል። የሹሙም ዕርዳታ የሚለካው ባደለው መርዝ ብዛት አይደለም፤ በክረምቱ ወራት በየቤቱ ድስት ውስጥ በተገኘው ጎመን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ሽኮኮ ፈጀን» የሚል ሰው በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ሲቆም፣ ሹሙ አስቀድሞ ወንበር ይስጠውና፣ «ጭራ አለውን?» ብሎ ይጠይቀው።